ደቦ ጠሪው ማን ነው? በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ በጎ ፈቃደኞችን በሕዝብ መሰባሰቢያዎች ስለ ማፍራት

በጎ ፈቃደኛ የሚባለው ዋጋ ሳይቀበልና ማንም ሳያስገድደው ጊዜውን፣ ጉልበቱን ወይም ሙያውን ከቤተሰቡ ውጭ ላለ ሰው ወይም ለጋራ ጥቅም የሚሰጥ ሰው ነው። በዚህ ፍቺ ውስጥ ካሉት ቃላት መካከል በጎጃም ደጋ፣ በተለይም በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉት በጎዛምን፣ በስናን፣ በማቻከልና በአነደድ ወረዳዎች፣ ከሁሉ ይልቅ ማስተዋልን የሚጠይቀው «ሳያስገድደው» የሚለው ነው። አገር በቀል የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚባለው ደግሞ በአገሩ ሰዎች ተቋቁሞ፣ ትርፍ ሳያከፋፍል፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ወይም ሕሙማንን ለመርዳት የሚሠራ ማኅበር ሲሆን፣ የእንደነዚህ ያሉ ማኅበራት ችግር ገንዘብ ብቻ እንደሆነ አዘውትሮ ይነገራል። ነገር ግን ገንዘቡ ቢገኝም ባይገኝም የአረጋዊቷን ልብስ የሚያጥብ፣ ለተማሪው ሒሳብ የሚያስረዳ፣ ዝናብ የሚያስገባውን ጣሪያ የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል፤ ይህ ሰው ከየት እንደሚገኝ፣ ከተገኘ በኋላም እንዴት እንደሚቆይ መመርመር የዚህ ንግግር ጉዳይ ነው።

ሕጉ በበኩሉ መንገዱን ከፍቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳዮች ላይ ለመሥራት የሚፈልጉ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ብዙዎቹን አዳክሞ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ገደብ አንሥቶ፣ የበጎ ፈቃደኝነት ባህል በኅብረተሰቡ ውስጥ እንዲዳብር ማድረግን ከዓላማዎቹ እንደ አንዱ ቆጥሮታል። ይኸው አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፣ አነስተኛ ገቢ ያለው የወረዳ ማኅበር ለቢሮ ሠራተኛ ደመወዝ ሊያውለው የሚችለው ገንዘብ እጅግ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ላለው ማኅበር በጎ ፈቃደኛ ማለት ሲመቸው የሚጨምረው ረዳት ሳይሆን ማኅበሩ የቆመበት ምሰሶ ነው።

በጎ ፈቃደኛ ለመመልመል በተለምዶ የሚደረገው ዝግጅት መልኩ የታወቀ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ የክብር እንግዶች በተራ ይናገራሉ፣ የባህል ቡድን ይጫወታል፣ በመጨረሻም በር ላይ በተቀመጠ መዝገብ ስምና ስልክ ቁጥር ይጻፋል። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው የስም ብዛት የዝግጅቱ ውጤት ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ስልኩ ሲደወል የሚያነሣው ጥቂት ሲሆን፣ አንሥቶ የሚመጣው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ብዙዎች ይህን የሕዝቡ ስንፍና ወይም የዘመኑ ክፋት አድርገው ይተረጉሙታል። ይህ አተረጓጎም ስሕተት ብቻ ሳይሆን ሕዝቡንም የሚበድል ነው፤ ምክንያቱም ስልክ አላነሣም የተባለው ያው ሰው በዚያው ሳምንት ለጎረቤቱ አጨዳ ማጭዱን ይዞ ወጥቶ፣ በዕድሩ ቀብር ድንኳን ተክሎ፣ በማኅበሩ ቤት አስተናግዶ ሊሆን ይችላል። እምቢ ያለው መርዳትን ሳይሆን በዚያ መልክ መጠራትን ነው።

እንዴት ሲጠራ እንደሚመጣ ለማወቅ ደቦንና ወንፈልን በቅርብ መመልከት ይገባል። ወንፈል በጥቂት ጎረቤታሞች መካከል ተራ በተራ የሚመለስ የጉልበት ብድር ሲሆን፣ ሒሳቡም በቀን ይቆጠራል፤ ከጥማድ በሬው ጋር አንድ ቀን ያረሰ ከጥማድ በሬው ጋር አንድ ቀን ይታረስለታል። ደቦ ግን ሰፊ ጥሪ ነው። ጤፉ ደርሶ ዝናብ ያሰጋው፣ አረሙ ያየለበት ወይም ጎጆ ለመሥራት ያሰበ ሰው ቀን ቆርጦ፣ ራሱ በየቤቱ ዞሮ ወይም ልጁን ልኮ ሰው ይጠራል፤ ቤቱም እንጀራውን፣ ጠላውንና ንፍሮውን ያዘጋጃል። የተጠራው ሰው ብድሩን በቀን አይቆጥርም፤ ነገር ግን ነገ እሱ ሲጠራ ዛሬ የረዳው ሰው እንደማይቀር ያውቃል። ጠሪው የታመመ፣ አቅም ያነሰው ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ሲሆን ደግሞ የሚመለስ ነገር ሳይጠበቅ ሰው ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ ደቦው በዛሬው ቋንቋ በጎ ፈቃድ ከሚባለው ነገር ጋር ፍጹም አንድ ነው።

የደቦን ማሳ ቆሞ የሚያይ ሰው ለመልማዮች የሚጠቅም ብዙ ነገር ይማራል። ሥራው በዓይን ይለካል፤ ከዚህ ወሰን እስከዚያ ወሰን ያለው ጤፍ ታጭዶ ነዶው ሲታሰር ቀኑ አለቀ ማለት ስለሆነ ማንም ሰው ለስንት ጊዜ እንደተጠራ አይጠራጠርም። አጫጆቹ በረድፍ ይሰለፋሉ፣ ግጥም አውጪው ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ዘፈኑ መዝናኛ ብቻ ሳይሆን የማጭዱን ፍጥነት የሚያስተካክል ስለሆነ ደካማው ከብርቱው ጋር እኩል እንዲራመድ ያደርጋል። አዲስ የመጣ ልጅ ሥልጠና ሳይሰጠው ልምድ ካለው ሰው ጎን ይገባና በዓይኑ እያየ ይማራል። ጠሪውም ከሁሉ ቀድሞ ማሳው ላይ ይገኛል፤ ሰው ጠርቶ ጥላ ሥር የሚቀመጥ ባለ ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ብቻውን ያጭዳል። ከእነዚህ ነገሮች አንዱም በድንኳኑ ዝግጅት ውስጥ የለም። በዚያ ሥራው አይታይም፣ መጨረሻው አይታወቅም፣ የጠራው ማን እንደሆነ አይለይም፣ እንግዳውም ተቀምጦ ይሰማል እንጂ እጁን አያንቀሳቅስም።

ከዚህ የሚከተለው ዋና ሐሳብ ይህ ነው፤ በጎ ፈቃደኛን የሚያፈራ ዝግጅት ስለ ሥራው የሚነገርበት ሳይሆን ሥራው ራሱ የሚሠራበት ቀን መሆን አለበት፤ ምዝገባውም ከሥራው በፊት ሳይሆን በኋላ፣ እጅ ከታጠበና ምሳ ከተበላ በኋላ ሊመጣ ይገባዋል።

ምዝገባን ወደ ኋላ ማድረጉ ጥቃቅን የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። በጎጃም ግን ስምን በመዝገብ ማስፈር ክብደት ያለው ነገር ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ምክንያት ሆኖ ጎጃም ውስጥ የተነሣው የገበሬዎች አመፅ ዋነኛ ሥጋት ገማቾችና ቆጣሪዎች መጥተው መሬቱን ከለኩት ርስታችን ከእጃችን ይወጣል የሚል ነበር። ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ባላባቱ የጨመረባቸውን ግዴታ አንቀበልም ያሉ ገበሬዎች ታሪክ አለ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲላኩ፣ ብዙዎቹ በእውነተኛ ፍቅር የሄዱ ቢሆኑም፣ መዝመት ለተማሪው የትምህርቱ ቅድመ ሁኔታ ስለ ነበር ፈቃድና ግዴታ ተቀላቅለዋል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ከአውድማ በኋላ ባሉት የበጋ ወራት በየቀበሌው ሰው ወጥቶ እርከን የሚሠራበት የተፋሰስ ልማት ሥራ በጮቄ ተራራ ዙሪያ ላለው መሬት የሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን የቀረ ሰው የሚጠየቅበት ሥራ እንደ በጎ ፈቃድ ሊቆጠር አይችልም። ሩዋንዳ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ የምታካሂደው ኡሙጋንዳ የተባለው የጋራ ሥራ ቢያንስ ስሙን አልደበቀም፤ ከ18 እስከ 65 ዓመት ያሉ ዜጎች እንዲወጡ በሕግ የተደነገገ ግዴታ ነው። ጉዳት የሚያመጣው ግዴታን በጎ ፈቃድ ብሎ መጥራት ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ እውነተኛው የበጎ ፈቃድ ጥሪ ሲመጣ ሰሚው ከጥሪው ጀርባ ያለውን አስገዳጅ ይፈልጋል። ስለዚህ አገር በቀል ድርጅት ሰው በሚጠራበት ጊዜ ጥሪው በቀበሌ ስብሰባ ላይ ከሌሎች ትእዛዞች መካከል እንዳይነበብ መጠንቀቅ ይኖርበታል።

እንግዲያስ ጥሪው የት ይደረግ ቢባል፣ አዲስ መድረክ ከመፍጠር በፊት ሕዝቡ አስቀድሞ ያሉትን መሰባሰቢያዎች መቁጠር ይሻላል። ዕድር አለ፤ ይህም አባላት በየወሩ ገንዘብ አዋጥተው በሞትና በችግር የሚረዳዱበት ማኅበር ሲሆን፣ ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የከተማው አንጋፋ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጽዋ ማኅበር አለ፤ አባላቱ ወሩ በገባ በ12፣ በ21 ወይም በመረጡት ሌላ የቅዱሳን ቀን በየተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ። ሰንበቴ አለ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሚያዝያ 30 የሚያከብረው ዓመታዊ በዓል አለ፤ ጥምቀትና መስቀልም አሉ። በጥምቀት ጊዜ በከተሞች ምንጣፍ የሚያነጥፉትና ሰልፉን የሚያስተባብሩት ወጣቶች ማንም ቲሸርት አሳይቶ የመለመላቸው ሳይሆኑ፣ አንዱ ጓደኛውን እየጠራ የተሰባሰቡ ናቸው። ገበያውም አለ፤ የስናን ወረዳ ዋና ከተማ ስም ረቡዕ ገበያ መሆኑ ብቻ ሰው በየትኛው ቀን በአንድ ስፍራ እንደሚገኝ ይናገራል።

በዓል ማኅበርን እንዴት ሊያቆምና ሊያሳድግ እንደሚችል ለማየት ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ እስካለችው እስከ እንጅባራ መሄድ በቂ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት የዐድዋ ድል አርበኞችንና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ በጥቂት ሰዎች የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ ጥር 23 ቀን በየዓመቱ ያሸበረቁ ፈረሶች በሜዳው ሲጋልቡ የሚያየው ሕዝብም ከዚያ ይበዛል። ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ትልቁ ትምህርት ግን ከፈረስ ግልቢያው በስተጀርባ ያለው ነው፤ ማኅበሩ በቀረው የዓመቱ ጊዜ እንደ ዕድር የሚረዳዳ፣ የተጣሉትንም የሚያስታርቅ ስለሆነ፣ ጥር 23 ቀን ፈረሰኛውን አይቶ ልቡ የተነሣሣ ወጣት በማግሥቱ የሚገባበት ቤትና የሚሠራው ሥራ ያገኛል። በዓሉ በር ነው፤ ከበሩ በስተኋላ ቤት አለ። ቤት ሳይሠሩ በር ብቻ የሚያቆሙ ዝግጅቶች ብዙ ናቸው።

የአንድ ቀን ዝግጅት ወሰኑ የት ድረስ እንደሆነ ከደም ልገሳ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም። የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ 7 ቀን ይከበራል፤ በዚያን ቀን ሰው በብዛት ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይመሰገናል። ነገር ግን ከለጋሹ የተወሰደ ሙሉ ደም በማቀዝቀዣ ተጠብቆ የሚቆየው በተለመደው አያያዝ 35 ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሰኔ 7 ቀን የተሰጠ ደም ለነሐሴ ወላድ አይደርስላትም። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የሚፈሳት እናት፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ መንገደኛና በደም ማነስ የተዳከመ ሕፃን ቀን መርጠው አይመጡም። ጤነኛ ሰው ደግሞ በየሦስት ወሩ ደም መስጠት ይችላል። ስለዚህ ለደም ባንክ የሚጠቅመው በዓመት አንድ ቀን የሚመጣ ሰልፍ ሳይሆን፣ ከዘመዱ አንዱ ስለ ታመመበት ሳይሆን ልማዱ ስላደረገው በየሦስት ወሩ የሚመለስ ሰው ነው። አንድ ዕድር በኅዳር፣ ሌላው በታኅሣሥ፣ ሦስተኛው በጥር ወርኃዊ ስብሰባው በሚውልበት እሑድ ደም ሰጪ ቡድን እንዲመጣለት ቢስማማና ይህ ተራ ዓመቱን ሙሉ ቢዞር፣ ያለ አንድ ባነር ማቀዝቀዣው ባዶ ሳይሆን ይከርማል።

ሥራው ከምዝገባው ይቅደም ከሚለው ሐሳብ ጋር የቀይ መስቀል አጀማመርም ይሄዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 በጣሊያን ሶልፌሪኖ ላይ ከተደረገው ጦርነት በኋላ በአቅራቢያው በምትገኘው በካስቲልዮኔ ከተማ የነበሩ ሴቶች የየትኛው ወገን ወታደር ነው ብለው ሳይለዩ ቁስለኞችን ሲያጥቡና ውኃ ሲያጠጡ ያየው ሄንሪ ዱናንት፣ ያየውን ወደ ዘላቂ ማኅበር እንዲለወጥ ታገለ። ኢትዮጵያም ቀይ መስቀሏን ያቋቋመችው በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የፋሺስት ወረራ በደጅ ቆሞ በነበረበት ጊዜ ነው። በሶልፌሪኖ ሰዎች መጀመሪያ ያዩት የቆሰለውን ሰው፣ በኢትዮጵያ ደግሞ የቀረበውን አደጋ ነው፤ ማኅበሩና ደንቡ የመጡት በኋላ ነው።

ሥራው ራሱ ዝግጅት እንዲሆን ማድረግ ምን እንደሚመስል የአቅመ ደካሞችን ቤት ጥገና በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲረግፍ ሥራው የሚጀመረው ከዝግጅቱ ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ አፈሩ ተቆፍሮ ከጭድ ጋር በውኃ ይቦካል፣ ጥቂት ቀን ተሸፍኖ ይብላላል፣ ከዚያም ዳግመኛ ተረግጦ ለምርጊት ይዘጋጃል። ይህን የመጀመሪያ ሥራ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ከሠሩት፣ በቀጠሮው ጠዋት የሚመጣው ሕዝብ የሚያገኘው የተዘጋጀ ጭቃ፣ የሚታይ ግድግዳና ምሽት ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው። ወጣቱ ይረግጣል፣ ጎረምሳው ያቀብላል፣ ሙያ ያለው ይመርጋል፣ አናጢው ጣሪያ ላይ ወጥቶ የተበሳውን ቆርቆሮ ይለውጣል፤ ጭቃ ለመንካት ዕድሜያቸው የማይፈቅድላቸው ሽማግሌዎችም አጠገብ ተቀምጠው ይመርቃሉ። ባለቤቲቱ ባዶ እጇን እንዳትቀመጥ ቡና ታፍላ፤ ቡናዋን መቀበል እሷን ተረጂ ብቻ ከመሆን አውጥቶ ደቦ ጠሪ ያደርጋታልና።

እዚህ ላይ ሪፖርቶች የሚዘልሉት አንድ ነገር አለ። ደቦው የቆመው በማሳው ላይ በሚታየው ወንድ ጉልበት ብቻ ሳይሆን፣ ብቅል አብቅለው፣ ጌሾ ወቅጠው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ሌሊት ተነሥተው እንጀራ በሚጋግሩት ሴቶች ድካምም ነው። ድርጅት ሰው ጠርቶ ምሳ ሲያበላ ምሳውን የሠሩት ሴቶች በበጎ ፈቃደኞች ቁጥር ውስጥ ካልገቡ፣ ከሁሉ በላይ የሠሩት ሰዎች ከመዝገብ ወጥተው ቀሩ ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ ሴቶች በሌላ ሙያ፣ ማለትም በማስተማር፣ በሒሳብ አያያዝ፣ ሕመምተኛ በመጠየቅ እንዲሳተፉ ከተፈለገ የቀጠሮው ሰዓት የውኃና የምጣድ ሰዓት መሆን የለበትም።

ወቅትም ይወስናል። ገበሬው በሐምሌ ጤፍ ይዘራል፣ በነሐሴና በመስከረም ያርማል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ያጭዳል፤ እጁ የሚፈታው አውድማው ከተነሣ በኋላ፣ ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ለከተማው ተማሪ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ እርሱ የሚያርፈው በክረምት ስለሆነ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚባለው የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የችግኝ ተከላና የቤት ጥገና ሥራ በእርሱ ላይ ይቆማል። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን በክረምት ወደየአገራቸው ስለሚበተኑ፣ እነርሱን የሚፈልግ ማኅበር በጥቅምት፣ ትምህርቱ እንደተደላደለ ሊጠራቸው ይገባል። እነዚህ ሦስት ሕዝቦች ሦስት የተለያየ ቀን መቁጠሪያ አላቸው፤ በአንድ ታላቅ ዝግጅት ሁሉንም ለማግኘት መሞከር አንዱንም ሳያገኙ መቅረትን ያስከትላል።

የአጠራሩም ቃል ሊታሰብበት ይገባል። «በጎ ፈቃደኞች እንፈልጋለን» የሚለው ማስታወቂያ ማንንም በስም ስለማይጠራ ማንም እንደተጠራ አይቆጥረውም። በአንጻሩ የዕድሩ ጸሐፊ አንድን ጡረታ የወጡ መምህር ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አግኝቶ «የኔታ፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ለሁለት ሰዓት፣ እስከ ፋሲካ ድረስ፣ ሰባት ልጆች ሒሳብ ያስጠኑልን» ቢላቸው፣ የተጠየቁት ነገር መጠኑም ማብቂያውም ስለታወቀ እሺ ለማለትም እንቢ ለማለትም ይመቻቸዋል። እንቢ ማለት የማይቻልበት ጥያቄ ደግሞ ትእዛዝ ነውና፣ ጠያቂው የእንቢታን በር ክፍት መተዉ ለራሱም ይበጀዋል። እሺ ያለ ሰው ሥራው ሲያልቅ መመስገን፣ ቢታመም መጠየቅ፣ ሐዘን ሲደርስበት የማኅበሩን ሰዎች ለቅሶ ቤት ማየት ይጠብቃል። ብድር መመለስ ማለት በዚህ አገር ይህ ነው፤ በላስቲክ የተለበጠ የምስጋና ወረቀት አይተካውም።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ ከዚያም በፊትና በኋላ በነበረው ግጭት ምክንያት ሰፊ የአደባባይ ስብሰባ መጥራት አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። መንገድ በሚዘጋበትና ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ በሚገባበት ወቅት ታላላቅ ዝግጅቶች ይቀራሉ፤ ለቅሶ ግን አይቀርም፣ ጽዋም በሚቻለው መጠን ይጠጣል፣ ጎረቤትም የጎረቤቱን ጓሮ ያያል። የተረጂው ቁጥር የሚጨምረውም በዚሁ ጊዜ ነው። ሥራቸውን በአሥራ አምስትና በሃያ ሰዎች ማኅበር ላይ የመሠረቱ ድርጅቶች በእንዲህ ያለው ቀን የሚጠራላቸው ሰው አያጡም። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ ሊያሳፍራቸው አይገባም፤ አንድ ግድግዳ ለመመረግ ከሃያ ሰው በላይ አያስፈልግም፣ ከዚያ የበዛው ጭቃውን ሲረግጥ እርስ በርሱ ይገፋፋል።

እንግዲህ በቤት ጥገናው ቀን ምሽት ላይ ጭቃ የነካው ሁሉ እጁንና እግሩን ታጥቦ፣ ቡናው ተጠጥቶ፣ ምርቃቱ ሲያበቃ ያን ጊዜ መዝገቡ ይምጣ። በመዝገቡም ላይ ከስምና ከስልክ ቁጥር ቀጥሎ የእያንዳንዱ ሙያ፣ የሚመቸው ቀንና ዛሬ የሠራው ሥራ ይጻፍ፤ መዝገቡን የሚይዘውም የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው የዕድር ጸሐፊ ይሁን። ሰውም ከመበተኑ በፊት የሚቀጥለው ቤት የማን እንደሆነ፣ ቀኑም መቼ እንደሆነ በዚያው ግቢ ይነገር፤ ጭቃውን ቀድመው የሚያቦኩት ሦስቱ ሰዎችም እዚያው ይታወቁ።